ከምረቃ በኋላ ለአንድ ዓመት ወደ ሐመር፦ ምን እናዘጋጅ?

ጂሲ17
ሰላም ቅዱሳን። ሐምሌ ላይ የምንመረቅ ሦስት የፌሎ (የዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ልጆች ነን፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት እህት። ከጥቅምት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ወረዳ ሄደን እንድናገለግል አጥቢያችን ተስማምቷል። የጥሪውን ጉዳይ ሽማግሌዎች አይተውታል፣ እሱን እዚህ አንከፍተውም። የምንፈልገው ዝርዝር ነው፦ ወረቀት፣ ብር፣ ጤና፣ ዕቃ። «ጸልዩበት» የሚለውን ምክር አስቀድመን ተቀብለናል።

ላኪ_ኮሚቴ
ከዕቃው በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሚልካችሁ ማን እንደሆነ ገባኝ፤ የሚቀበላችሁስ? አጥቢያችሁ «ሂዱ» ማለቱ ግማሹ ነው። ሐመር ያለችው ቤተ ክርስቲያን «እንፈልጋቸዋለን፣ በዚህ መንደር፣ ለዚህ ሥራ» ብላ በጽሑፍ ካልጠየቀች ጉዞው ገና አልተጀመረም። እንዲህ ያለ አገልግሎት ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የሚፈርሰው በወባ ወይም በብር ማጣት አይደለም። እዚያ ዓመታት የደከሙት ወንጌላዊ ስለ እናንተ መምጣት የሰሙት ከመኪና ስትወርዱ ስለሆነ ነው።

ሁለት ገጽ ስምምነት ይበቃል፤ ላኪው፣ ተቀባዩና እናንተ ትፈርማላችሁ። የሚገባበት፦ የምትጀምሩበትና የምትመለሱበት ቀን፣ በየቀኑ የሚመራችሁ ሰው (አንድ ሰው፣ ኮሚቴ አይሁን)፣ የምታድሩበት ቤት፣ የሥራው ዓይነት፣ በወር አንድ ገጽ ሪፖርት፣ የእረፍት ቀናት፣ እንዲሁም ሕመም ወይም ግጭት ቢመጣ «ተመለሱ» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ። የመጨረሻው አንቀጽ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ችግር በመጣ ቀን ላኪው «እዚያ ያሉት ይወስኑ» ይላል፣ ተቀባዩ ደግሞ «የላካቸው ይወስን»።

የማታደርጉትም ይጻፍ። አታጠምቁም፣ መሬት አትቀበሉም፣ ሕንጻም ሆነ ስፖንሰር ለማንም ቃል አትገቡም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ከከተማ ሲመጣ ሰው ከኋላው ድርጅት ያለ ይመስለዋል። ዝም ካላችሁ ዝምታችሁ እንደ ቃል ይቆጠራል።

ከተቻለ አንድ ሽማግሌና ከእናንተ አንዱ በፋሲካ ሰሞን ለቅኝት ሄደው ይምጡ። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ያኔ ያየ ሰው መንገዱ የሚቆረጥበትን ቦታ በዓይኑ ያውቀዋል። በጥር የሄደ ግን ደረቅ አሸዋ አይቶ ይመለስና ያ አሸዋ ወንዝ መሆኑን አይጠረጥርም።

ወረቀት_ወዳድ
በላኪ_ኮሚቴ ሐሳብ እስማማለሁ። ወረቀቱን በተራ ልናገር።

አንደኛ፣ የመውጫ ፈተና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ከወደቃችሁ ድጋሚውን ተፈትናችሁ ሂዱ፤ ሐመር ውስጥ ቱርሚ ከተማ ተቀምጦ የምዝገባ ቀን መከታተል አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ራሳችሁ ተቀበሉ፣ ለጓደኛ ውክልና አትተዉ። ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ከመታወቂያችሁ ጋር አመሳክሩ። ስህተት ካለ ሬጅስትራሩ ዘንድ ቆማችሁ ሳላችሁ ይስተካከል። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ያለባችሁ የውሉን ቅጂ አስቀምጡ። ኦሪጅናሉ ዲግሪ ዕዳው ሳይዘጋ ስለማይወጣ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለዚህ ውል ነው። ዋናው ሰነድ ሁሉ ወላጅ ቤት ይቅር፤ ይዛችሁ የምትሄዱት ፎቶ ኮፒና ስልክ ላይ ያለ ስካን ነው።

ሦስተኛ፣ ፋይዳ። ያልተመዘገበ አሁኑኑ ይመዝገብ፤ ሲም ካርድ ቢጠፋ፣ ባንክ ቢያስፈልግ ሁሉም እሱን ይጠይቃል። የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው የሚያልፍ ከሆነ ይታደስ።

አራተኛ፣ የመሸኛ ደብዳቤ በሦስት ቅጂ፦ ለተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን፣ ለወረዳው አስተዳደርና ለጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ለራሳችሁ። ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ የሦስታችሁም ሙሉ ስም ይጻፍበት። በደረሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ከአካባቢው መጋቢ ጋር ሄዳችሁ አስገቡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዋስትናችሁ ደብዳቤው ብቻ ሳይሆን አብሯችሁ የቆመው ሰው ነው።

ስለ ሥራ ልምድም አንድ ቃል። ብዙ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን የልምድ ደብዳቤ ይዘው ይመጡና መንግሥት መሥሪያ ቤት ግብር ያልተከፈለበት ነው ብሎ አይቆጥርላቸውም። ስለዚህ «አንድ ዓመት ልምድ አገኛለሁ» በሚል ሒሳብ አትሂዱ። ዜሮ ዓመት የሚሉ ማስታወቂያዎችም ብዙ ጊዜ የምረቃ ዘመን ይገድባሉና፣ የናንተ ባች እስከ መቼ ማመልከት እንደሚችል ከመሄዳችሁ በፊት እወቁት።

ጂሲ17
ተባረኩ። እህታችን ነርስ ናት። እዚያ ሰው ስታክም ችግር አለው?

ወረቀት_ወዳድ
የሙያ ፈቃድ ሳታወጣ፣ አዎ። የብቃት ምዘናውን አልፋ ፈቃዷን ብታወጣም በቤት በር ላይ መርፌ መውጋት ሌላ ነገር ነው። የሚሻለው ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግራ በጎ ፈቃደኛ ሆና እንድትሠራ ማድረግ ነው። አለዚያ ጤና ትምህርት ላይ ትወሰን፦ ውሃ፣ አጎበር፣ እጅ መታጠብ። አንድ ሕፃን ከሰጠችው መድኃኒት በኋላ ቢሞት መድኃኒቱ ገደለው ባይባል እንኳ እንግዳዋ ገደለችው መባሉ አይቀርም።

ሒሳብ_ያዥ
ስለ ብር። በጀት የምትሠሩት እንዲህ ነው፦ የአንድ ሰው የወር ወጪ (ምግብ፣ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ ሳሙናና ጥቃቅን) በ12 ይባዛል፤ የመሄጃ ዕቃና ክትባት ይደመርበታል፤ በድምሩ ላይ 20 ከመቶ የዋጋ ንረት ይጨመራል። ከዚህ ውጭ የመመለሻ ትራንስፖርትና አንድ ድንገተኛ ሕክምና እስከ አርባ ምንጭ የሚያደርስ ገንዘብ ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህን የመጨረሻውን ከወር ወጪ ጋር በአንድ ኪስ ያስቀመጠ በስድስተኛው ወር በልቶት ያገኘዋል።

ቃል የተገባ ብር ሁሉ ገቢ አይሆንም። ከ100 ብር ቃል 70 ብር ይገባል ብላችሁ አቅዱ፤ የበለጠ ከገባ እሰየው። በተለይ የፌሎ ጓደኞቻችሁን ቃል እንደ ገቢ አትቁጠሩ፤ እነሱም ሥራ ፈላጊ ናቸው። የሚጸናው ደሞዝተኛ የሆነ ሰው በየወሩ የሚሰጠው ትንሽ ብር ነው። ባንክ ሄዶ ቋሚ የዝውውር ትእዛዝ ይሙላ፣ ቀኑ ደሞዝ በወጣ ማግሥት ይሁን። በእጅ እሰጣለሁ የሚል ሰው ሁለት ወር ሰጥቶ ያፍርና ስልክ ማንሳት ያቆማል፤ ሰውየውንም ብሩንም ታጣላችሁ።

ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያን ስም፣ በጣምራ ፊርማ ይከፈት። ለያንዳንዱ ሰጪ ደረሰኝ ይቆረጥ። ከእናንተ አንዱ ፈራሚ እንዳይሆን፤ ፈራሚው ሐመር ሆኖ ብር የሚወጣው አርባ ምንጭ ከሆነ ማን ይፈርማል? በየወሩ ለያንዳንዳችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል። ከመነሳታችሁ በፊት የሦስት ወር ወጪ ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ጉዞው ይገፋ።

ከውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ወይም አጥቢያዎች ቃል ከገቡ በጀቱን በብር ሥሩ፣ በዶላር አታስቡ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የታቀደ በጀት ሁሉ ተናግቷል፤ የብሩ ቁጥር ጨመረ፣ የገበያው ዋጋም ተከተለው።

በእምነት_ብቻ
ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ዝርዝር የእምነት ማነስ አይደለም? ወላይታ ላይ የተነሱት የመጀመሪያዎቹ ወንጌላውያን ቋሚ ዝውውርና ጣምራ ፊርማ ነበራቸው?

ላኪ_ኮሚቴ
ወንድሜ፣ እነዚያ ወንጌላውያን የጠቀስካቸው ጥሩ ነው። ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲወጡ ወላይታ ላይ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚልከው ባዶ እጁን አልነበረም። አጥቢያዎች እህልና ብር ያዋጡ ነበር፣ ወንጌላዊውም የሚሄደው ከነቤተሰቡ ነበር። የዚያን ዘመን ጣምራ ፊርማ ሽማግሌው የያዘው የመዋጮ ሣጥን ነው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቍጠር የሚለውም ቃል (ሉቃስ 14፥28) ወንጌል ውስጥ ነው ያለው።

ፋርማሲ_ቤት
ጤና። ቦታው ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ እናንተም ምናልባት ደገኞች ናችሁ። ዋና ዋናው ይኸው፤ ለራሳችሁ የሚስማማውን ግን ሐኪም አይቷችሁ ይወስን።

ለመከላከያ የሚወሰደው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚ.ግ. በቀን አንድ ነው። ከመግባታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጣችሁ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ለአንድ ዓመት ሲሰላ 365 + 2 + 28 = 395 ፍሬ፣ ማለትም 40 ስትሪፕ ለአንድ ሰው። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፣ ከተዋጠ በኋላ ወዲያው አይተኛም፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት ወይም ከአይረን ኪኒን ጋር አብሮ ከተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ፀሐይ ላይ ቆዳን ያቃጥላል፤ ሐመር ላይ ደግሞ ፀሐይ አይጠፋም፣ ስለዚህ ረጅም እጅጌና ሰፊ ባርኔጣ። በየሳምንቱ አንድ የሚዋጠው ሜፍሎኩዊንም አለ፤ የሚጥል በሽታ ወይም ድብርት ላለበት ሰው ግን አይሆንም።

ቢጫ ወባን አትርሱ። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ላይ ወረርሽኝ ተነስቶ ሰፊ ክትባት ተሰጥቷል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ነው፣ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት።

ቆላ_ለመደ
በዶክሲው አልስማማም። ለሁለት ሳምንት ጎብኚ ጥሩ ነው፤ ለዓመት ግን ሰው በሦስተኛው ወር መርሳት ይጀምርና «እየወሰድኩ ነው» እያለ ትኩሳቱን ይንቃል። አጎበር በየሌሊቱ፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ምርመራ፣ ይሄ ይሻላል።

ፋርማሲ_ቤት
መርሳቱ እውነት ነው። ግን ደገኛ ሰው የቆላ ሰው ያለውን ከፊል መከላከያ ይዞ አይመጣም፤ የመጀመሪያው ወባ ነው የሚጥለው። ቢያንስ በዝናቡና ከዝናቡ በኋላ ባሉት ወራት ይውሰዱ እላለሁ። በምርመራው ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፦ መድኃኒት እየወሰደም ቢሆን ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከተገኘ የሚሰጠው ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ 4 ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው እስከ ማግሥቱ ያቆየዋል። ስብ ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፣ በባዶ ሆድ ብዙው ይባክናል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ስለወረደ አይቋረጥም። ሌላው ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ከሆነ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል፣ ዶክሲም አይገድለውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ «ደቡብ ኦሞ ነበርኩ» በሉት። ካላላችሁ ታይፎይድ ብሎ ሊያክማችሁ ይችላል።

ሌላው በሽታ ካላ አዛር ነው፤ በኦሞና በወይጦ ሸለቆ ይገኛል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ኩይሳ ውስጥ ስለሚያርፍ ምሽት ላይ ኩይሳ አጠገብ አትቀመጡ፣ አትተኙም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የግራ ጎን ማበጥ ካለ ጂንካ ወይም አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሂዱ፤ ለወባ ደጋግማችሁ አትዋጡ።

አጎበር ከዚህ ገዝታችሁ ሂዱ፣ መድኃኒት የተነከረውን። በበረኪና አይታጠብም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። የቤተሰባችሁ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር በሌላ ወረዳ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ።

ጂሲ17
ውሃውስ?

ቆላ_ለመደ
ደፍራሳ ነው። ክሎሪን ደፍራሳ ውሃ ላይ ጨምሮ መጠጣት ሞኝነት ነው፤ መድኃኒቱን ጭቃው ይበላዋል። መጀመሪያ በጀሪካን ሌሊቱን ይዝቀጥ፣ በንጹሕ ነጠላ እጥፍ ይጠለል፣ ከዚያ ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆይ። ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት ጭቃውንም አብሮ ያዘቅጣል፤ አንድ ከረጢት ለ20 ሊትር ነው፣ ቆላ ላይ የምመርጠው እሱን ነው። ሁለት ጀሪካን ያዙ፣ አንዱ ለጥሬ አንዱ ለታከመ፣ በቀለም ይለዩ። ቀለሙ አንድ ሲሆን ማታ በጨለማ ይቀላቀላል።

ተቅማጥ ከያዘ ኦ.አር.ኤስ. አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር። ካለቀ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ጨው አታብዙ።

ስለ ምግብ ብዙ አትጨነቁ፤ በቆሎና ማሽላ እዚያው አለ። ከቤት የሚሄደው ሽሮ (ለሰው በወር 2 ኪሎ)፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ነው። ሽሮና በርበሬ በደንብ ደርቆ በጥብቅ ክዳን ካልተቀመጠ በሁለት ወር ይነቅዛል። ጤፍ ተሸክማችሁ አትሂዱ።

ሶላር_ሰፈር
ኃይል። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አራት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቮልቴጁ ሲቀየር ብዙ ስለሚባክን ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ነው። እሱን በ10 ዋት ፓኔል ለመሙላት ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይወስዳል፤ ለሦስት ሰው 20 ወይም 30 ዋት ግዙ። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ፓወር ባንኩ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ረጅም ገመድ ያዙ። እዚያ ሙቀት ላይ ከፓኔሉ ሥር የተቀመጠ ባትሪ ያብጣል።

የማርታ_ልጅ
ለእህታችን። ብቻዋን ቤት አትከራይ፤ ማደሪያዋ ከወንጌላዊው ቤተሰብ ጋር ወይም ከሌላ እህት ጋር መሆኑ ስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ሦስታችሁ በአንድ ግቢ ብታድሩ ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለሚያየው ሰው ግን ነው። ሞዴስ እዚያ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ቆሻሻውን መጣያም ችግር ነው፤ የሚታጠበውን ጨርቅ 6 ያህል ይዛ ትሂድ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቂያ የተከለለ ቦታም ትጠይቅ። ረጅምና ሰፊ ቀሚስ በጥጥ። የሰንቴቲክ ልብስ ሽፍታ ያመጣል።

ዶንዛ_አክባሪ
የተረሳው ቋንቋው ነው። ሐመርኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ያወቀው ሰው ከጎረቤቶቹ ከባና ሕዝብና ከበሻዳም ጋር ይግባባል። የአርቦሬና የዳሰነች ሕዝቦች ቋንቋዎች ግን ኩሻዊ ስለሆኑ ሌላ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ስብከት አትያዙ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር፣ ከሰዓት ሰው መሃል። አስተማሪያችሁ ፈቅዶ ድምፁን ቅዱ፣ ማታ መልሳችሁ ስሙ። ቱርሚ ላይ አማርኛ የሚያቀላጥፉት ወጣቶች ብዙዎቹ አስጎብኚ ናቸው፤ ትርጉማቸው ለቱሪስት የለመደ ስለሆነ ለጸሎትና ለለቅሶ አይሆንም።

ካሜራ ለሦስት ወር አታውጡ። እዚያ ፎቶ ማለት ክፍያ ማለት ሆኗል፤ አንዴ ካነሳችሁ ከጎብኚው ወገን ትመደባላችሁ። የከብት ዝላይ (ወጣቱ ወደ ጉልምስና የሚሸጋገርበት ሥርዓት) ላይ ከተጋበዛችሁ ሂዱ፣ ዳር ተቀመጡ። እዚያ ቆሞ መስበክም ሆነ በሥርዓቱ ላይ ሴቶች ሲገረፉ አይታችሁ እነሱን መምከር የሽማግሌዎቹን በር ይዘጋል። መንደር ስትገቡ መጀመሪያ ወደ ዶንዛዎቹ (ሽማግሌዎቹ) ነው። በቅል የሚቀርበውን የቡና ገለባ ሻይ አትመልሱ፤ ፈልቷልና ለሆድ ከውሃው ይሻላል።

ላኪ_ኮሚቴ
አንድ ልጨምር፦ ወላጆች። «ልጄ ተምሮ ይደርስልኛል» ብለው አራት አምስት ዓመት የጠበቁ እናት በምረቃ ማግሥት ይህን ሲሰሙ ቢያለቅሱ ተገቢ ነው። እናንተ ብቻችሁን አትንገሯቸው፤ መጋቢው ወይም ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ሄደው ቁጭ ብለው ይናገሩ፣ ከምረቃው በፊት። የመመለሻው ቀን ይነገራቸው። በቤቱ ውስጥ የምትረዱት ታናሽ ካለ ያንን ዓመት ማን እንደሚሸፍን በስም ይወሰን። አማኝ ያልሆነ ወላጅ ካለ ይህ በእጥፍ ያስፈልጋል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመድ የሚያወራው እሱ ነው።

ጂሲ17
ከልብ እናመሰግናለን። ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ገና አልጻፈችም፤ ሰኞ ከዚያ እንጀምራለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከአርባ ምንጭ በየት በኩል ነው የሚሻለው?

ቆላ_ለመደ
ኮንሶ፣ ወይጦ፣ ቀይ አፈር፣ ዲመካ፣ ቱርሚ። ከወይጦ በአርቦሬ የሚያቋርጥም አለ፤ ያጥራል፣ ግን ዝናብ ሲጥል አትሞክሩት። መኪና የሚበዛው በገበያ ቀን ነውና በዚያ አስቡት፦ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ። ሐሙስ ቀይ አፈር ከደረሳችሁ ዓርብ ወደ ዲመካ የሚጫን አታጡም። ጀሪካኑንና አጎበሩን ከላይ አታስጭኑ፣ ከእጃችሁ አይለይ።

ሒሳብ_ያዥ
የጭነቱንም ደረሰኝ ያዙ፤ ሾፌሩ ካልሰጠ ራሳችሁ ጽፋችሁ ታርጋውን መዝግቡበት።